በሚክያስ ለቅሶ ላይ

እንድርያስ በሲላስ አንገት ላይ ተጠምጥሞ እያለቀሰ፣ በቀኝ እጁ የሰውየውን ኮት የውስጥ ኪስ ፈለገ።

ድንኳኑ ጢም ብሏል። አግዳሚው አልበቃ ብሎ ከሀቢቾና ከጃጁራ የመጣው ለቀስተኛ ቆሟል። ፊት ለፊት፣ አስከሬኑ ማረፍ በነበረበት ቦታ፣ የሚክያስ ፎቶግራፍ ወንበር ላይ ተደግፏል። ልጁ ደቡብ አፍሪካ ሳይደርስ መንገድ ላይ ቀርቷል፤ የት እንደተቀበረ የሚያውቅ የለም። የላከው ደላላ ሲላስ ነው። ዛሬ ጥቁር ኮት ለብሶ፣ ከቤተሰቡ ጎን ቆሞ ሰው ያስተናግዳል።

ከሚክያስ ጋር አብሮ የወጣው ሮዳስ የእንድርያስ እህት የጵርስቅላ ልጅ ነው። እናቱ ድምፁን ከሰማች ቆየች። ሲላስን በጠየቀችው ቁጥር ደህና ነው፣ ኔትወርክ ስለሌለ ነው ይላታል። ከመንገድ የሚመጣው ወሬ ሁሉ ግን በሲላስ ስልክ እንደሚገባ ታውቃለች። ትናንት ወንድሟ ቤት መጥታ፣ ተቀመጪ ሲላት ሳትቀመጥ፣ ስልኩን እንዲሰርቅላት ለመነችው።

እንድርያስ ድሮ የሆሳዕና ገበያ የሚያወራለት ኪስ አውላቂ ነበር። የሰረቀውን ሰው በራሱ በሰውየው ብር ሻይ ጋብዞ፣ ስለ ልጆቹ ጠይቆ፣ መርቆ የሚሸኝ። ጌታን ካገኘ ወዲህ በቤተ ክርስቲያን የመባ ከረጢት የሚያዞረው እሱ ነው። ቅድም ድንኳኑ በር ላይ አንድ ሽማግሌ፣ “አንተ፣ እጅህን ኪስህ ከተህ አልቅስ” ብለው በጆሮው ቀልደውበታል።

ስልኩ ተቆልፎ ከተገኘ ለማንም አይጠቅምም። ስለዚህ ሲላስ አውጥቶ እስኪያየው ጠበቀ፤ ወደ ኪሱ ሲመልሰው ብድግ ብሎ ተጠመጠመበት። ያ ሁሉ ሕዝብ እያየ እጁ የድሮ ሥራውን ሠራ። እንባው ግን የውሸት አልነበረም።

“አይዞህ ወንድም እንድርያስ፣” አለው ሲላስ፣ ጀርባውን መታ መታ እያደረገ። “የጌታ ፈቃድ ነው።”

ጵርስቅላ ከቤቱ ጀርባ፣ እንሰቱ መሃል ትጠብቀው ነበር። ስልኩ መልሶ እንዳይቆለፍ መስታወቱን በአውራ ጣቱ እየነካካ ደረሰ። ብቻውን ቀድሞ ሊሰማው ፈልጎ ነበር፤ እሷ ግን እጁን ይዛ አለቀቀችውም። ከውጭ ቁጥር የመጣውን የመጨረሻ የድምፅ መልእክት ከፈተው።

“ሚክያስም ሮዳስም አልፈዋል” አለ አንድ የደከመ የወንድ ድምፅ። “ሁለቱን ባንዴ እንዳታረዳ፣ ሰው ይነሳብሃል። የሚክያስን አስቀድም፤ የሌላውን ቆይተህ ትናገራለህ።”

እንድርያስ ስልኩን ለሕዝቡ አሰማለሁ ብሎ ሊሮጥ ሲል ጵርስቅላ ክንዱን ያዘችው። ዛሬ የሚክያስ እናት ቀን ነው፣ በሰው ለቅሶ ላይ ሌላ መርዶ አይገባም አለችው።

“ስልኩን መልስለት። ራሱ ቤቴ መጥቶ፣ ዓይኔን እያየ ይንገረኝ።”

ነጠላዋን ከትከሻዋ አውርዳ ወገቧ ላይ አጥብቃ አሰረችና ወደ ሴቶቹ ገባች።

እንድርያስ ማውጣት እንጂ መመለስ ለምዶ አያውቅም። ሲላስ ኪሱን መዳበስ ሳይጀምር ደርሶ እንደገና አቀፈው፤ ጣቶቹ ግን የኪሱን አፍ አጡት። በዚህ መሃል ከሴቶቹ በኩል የጵርስቅላ ዋይታ ከሁሉም ድምፅ በላይ ወጣ። ሲላስም እንደ ሰዉ ሁሉ ዞረ። ስልኩ የገባው ያኔ ነው።

የሚክያስ እናት ሳትቀር ቀና ብላ አየቻት። ሴቶቹ ጵርስቅላን ግራና ቀኝ ይዘው፣ ደረቷን እንዳትደቃ እጆቿን ወደ ታች ይጎትታሉ።

“ተይ እንጂ፣ ሟርት ይሆንብሻል” ይሏታል። “ያንቺው በሕይወት አለ አይደል።”