ሸራው ላይ

ደመናው ከስማዳ በኩል እየጠቆረ ሲመጣ ጣሰው ከአውድማው ዳር ተጋድሞ ነበር። የካንሰር መድኃኒት ከጀመረ ወዲህ ድካሙ በእንቅልፍ የሚለቅ አልሆነም። ሚስቱ ማንጠግቦሽ የተወቃውን ገብስ ብቻዋን ስትከምር ዝም ብሎ ማየት አላስችል አለው። ተነሥቶ መዝሪያውን ላይዳ ቢያነሣም ከበደውና መሬት ላይ ቁጭ አለ።

«ኧረ ተው፣ ተኛ!» አለችው።

«ተኝቼስ መቼ ዐረፍሁ!»

ነፋሱ በረታ። ማንጠግቦሽ ክምሩን በሸራ ሸፍና ጠርዙን በድንጋይ ትጭን ጀመር። በወዲያ በኩል ሸራው ሲገለብ ጣሰው እየዳኸ ሄዶ ተኛበት። ተኝቶም ቢሆን ሥራ በማግኘቱ ደስ አለው። ነፋሱ ግን ሸራውን ከነትከሻው ብድግ አደረገው። ምን ያህል እንደቀለለ ያን ጊዜ ገባው።

«ድንጋይ መሆን እንኳ አቃተኝ» አለ።

ማንጠግቦሽ የያዘችውን ድንጋይ ጥላ መጣችና አጠገቡ ተዘረጋች። ዝናቡ ጀርባቸውን ይደበድብ ጀመር።

«ተነሺ፣ በሰበስሽ እኮ!»

«አልነሣም» አለች ፊቷን ወደ እሱ አዙራ፤ «እኔም ደክሞኛል፣ ጣሰው። አንተ ከታመምህ ወዲህ እንቅልፍ የሚባል አላየሁም።»

ጣሰው ክንዱን እንደ ምንም አንሥቶ ጀርባዋ ላይ አሳረፈ። ሸራው ዳግመኛ አልተነሣም።