የልጅቷ ዱካ

ትንሿ ልጅ ኤ ሙ ዶሮ እያባረረች የቀርከሃውን አጥር አለፈችና ወታደሮች የካረን ብሔረሰብ ሰዎች የሚኖሩበትን መንደሯን ለቀው ሲወጡ ፈንጂ ቀብረውበታል ወደተባለው የሩዝ ማሳ ገባች። እናቷ ኖ ፖ ያየቻት መሀሉ ላይ ከደረሰች በኋላ ነበር።

«ኤ ሙ! ቁሚ!» ብላ ጮኸች። ልጅቷ ደንግጣ ዞረች። የእናቷን ፊት ስታይ ልትመታት መሰላትና ወደ ኋላዋ ልታፈገፍግ ቃጣት።

ኖ ፖ እንደምንም ብላ ሳቀች። «አንቺ ቀበጥ! ማን ሊመታሽ ነው? ያቺን ሌባ ዶሮ ተያት። እግርሽን ብቻ እንዳታነሺ፣ እኔ መጣሁልሽ።»

ሌሊቱን ዘንቦ ስለነበር የልጅቷ ዱካ ጭቃው ላይ ጎልቶ ይታያል። ኖ ፖ ጫማዋን አውልቃ፣ በጣቶቿ ጫፍ እነዚያን ትንንሽ ዱካዎች ብቻ እየረገጠች፣ በዶሮዋ መቀለዷን ሳታቋርጥ ደረሰችና አዘለቻት። በዚያው ዱካ ተመለሰች።

«እማ፣ እግርሽ ይንቀጠቀጣል» አለቻት ልጅቷ በጆሮዋ።

«ከብደሽኝ ነው። ያን ሁሉ ሩዝ ማን ብዪ አለሽ?»

መንገዱ ላይ ሲደርሱ አወረደቻት። ልትቆጣት አፏን ከፈተች፤ ግን ተወችው። ተንበርክካ የልጇን ሁለት እግሮች በእጆቿ ያዘች።

«እማ፣ ልቀቂኝ፣ ኮረኮርሽኝ እኮ!» አለች ኤ ሙ እየሳቀች።

አልለቀቀቻቸውም።