የባለቁልፏ ዝምታ

የወጣቶች አእምሮ ጤና ምርምር ክፍሉ አንድ የማይነካ ሕግ ነበረው፤ ልጆቹ ቁጥር እንጂ ስም የላቸውም። በወር አንድ ቅዳሜ ይመጣሉ፣ ሆዳቸው ውስጥ ያለውን በወረቀት ጽፈው ይሄዳሉ። ስማቸውና የወላጆቻቸው ስልክ የሰፈረበት ካርድ የብረት ቁም ሳጥን ውስጥ ይቆለፋል። ቁልፉ በአንዲት ሴት እጅ ብቻ ነው። ሁሉም «ባለቁልፏ» ይሏታል፤ በስሟ የሚጠራት የለም።

ቅዳሜ ልጆቹን የምትቀበለው እሷ ብቻ ናት። የእጅ ጽሑፋቸውን በኮምፒውተር ገልብጣ ሰኞ ጥናቱን ለምትመራው ዶክተር ትሰጣለች። ዶክተሯ የልጆቹን ፊት እንዳታይ ቅዳሜ ቢሮው ድርሽ አትልም። ሕጉን ያወጣችው ራሷ ናት።

«ማን እንደሆኑ ካወቅሁ ሥራዬ ይበላሻል» ትላለች። ደግሞም ሆደ ቡቡ ናት፤ ሳታውቃቸውም ታለቅስላቸዋለች።

አንድ ሰኞ የቁጥር አርባ አንድ ጽሑፍ ደረሳት። «ጠዋት ትምህርት ቤት ስደርስ መጀመሪያ ሽንት ቤት ገብቼ አለቅሳለሁ። ከዚያ ፊቴን ታጥቤ ክፍል እገባለሁ። ቤት ውስጥ እንዴት ዋልሽ ሲሉኝ አሪፍ እላለሁ» ይላል።

በማግስቱ ዶክተሯ ዓይኗ አባብጦ ገባች።

«ያቺ አርባ አንድ አንጀቴን በላችው» አለች። «እራት አልወርድ አለኝ እኮ። የኔዋ ሞልቃቃ ልጅ እንኳ ሳወራው ሰምታ ሳህኗን ትታ ተነሳች።»

«እሷም በእርስዎ ወጥታ ነዋ!» አለ የክፍሉ ነርስ።

ባለቁልፏ የያዘችውን ፋይል ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ወጣች።

በወሩ ባለቁልፏ የአርባ አንድን ገጽ ለዶክተሯ አቀበለች። ገጹ ላይ ያለው ይህ ብቻ ነው፦ «ቤት አይሰማም ብላችሁኝ ነበር። የጻፍኩትን ቃል በቃል ከእናቴ አፍ ሰማሁት። ከዳችሁኝ። ከእንግዲህ ለማንም ምንም አልናገርም።»

ዶክተሯ ቆማ አነበበችው። እንዲህ ያለች ልጅ አፏን ስትዘጋ ምን ሊከተል እንደሚችል እዚያ ክፍል ውስጥ የማያውቅ የለም። ቁጭ ስትል ፊቷ አመድ መስሎ ነበር።

«እኔ የልጅቷን ቤት አላውቅ» አለች። «ነርሱ አያውቅ። የምታውቂው አንቺ ብቻ ነሽ።»

«እኔ አልተናገርኩም ዶክተር።»

«ታዲያ ግድግዳው ነው ለእናቷ የነገራት?»

ባለቁልፏ አቀረቀረች። የሠራ ሰው እንጂ ንጹሕ ሰው እንዲህ አያቀረቅርም ብሎ ነርሱ በልቡ ፈረደባት።

«እናትየዋስ ብትሆን ምን ዓይነት ፍጥረት ናት?» ዶክተሯ ጠረጴዛውን በመዳፏ መታችው። «የፈቃድ ወረቀቱ ላይ እንኳ የፈረመችው አክስት ናት ብለሽኛል። ልጇን ይዛ ለመምጣት ጊዜ የላትም፤ የልጇን ጉድ ፊቷ ላይ ለመድገም ግን ጊዜ አላት! ምናለ ዓይኗን ቀና አድርጋ ብታያት?»

«ዶክተር፣ እናትየዋ ማን እንደሆነች ልንገርዎት?»

«አፍሽን ያዢ! ጭራሽ ለኔም ልታወጪው ነው?»

ባለቁልፏ አፏን ያዘች። ከዚያ በኋላ ምን ቢሏት፣ ምን ቢያስፈራሯት ስለ እናትየዋ አልተነፈሰችም።

«ስድስት ዓመት!» አለች ዶክተሯ፤ ድምፅዋ ተሰበረ። «ስድስት ዓመት እንደ ታናሽ እህቴ አየሁሽ። ቤቴ ገብተሽ በልተሻል፣ ጠጥተሻል። ልጄ እትዬ ነው የምትልሽ። እኔን ይሁን፣ እሺ። ያቺ ምስኪን ምን አደረገችሽ?»

ባለቁልፏ እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። ቁልፉን ከአንገቷ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው።

«ልጅቷን ብቻ አደራ» አለች።

«አንቺ ነሽ አደራ የምትዪኝ?»

ቦርሳዋን ይዛ ወጣች። ነርሱ በመስኮት እያያት፣ «ለካ እባብ ነው አቅፈን የኖርነው» አለ። የሚያሳዝነው፣ ከሁሉም ጋር ተስማምታ የምትኖር እሷ ነበረች።

ዶክተሯ ግን በዚህ ልትተወው አልቻለችም። ልጅቷን እንዲሁ መልቀቅ የባሰ ክህደት መሰላት። እናትየዋን ይቅርታ መጠየቅ፣ ልጅቷን እንዳትቆጣ መለመን፣ ከተቻለም ሁለቱንም አብሮ ማነጋገር አለባት።

«ካርዱን አውጣልኝ» አለችው ነርሱን። «ስሙን እንዳታሳየኝ። አንተው ደውልና መነጋገሪያውን ስጠኝ፤ ሕግ ሕግ ነው።»

ነርሱ ቁም ሳጥኑን ከፈተ። የአርባ አንድን ካርድ አገኘ፤ ስሙን በመዳፉ ሸፍኖ «እናት» ከሚለው ጎን ያለውን ቁጥር በቢሮው ስልክ መታ።

ዶክተሯ ጉሮሮዋን ጠረገች። የምትለውን በሹክሹክታ ተለማመደች፦ «ጤና ይስጥልኝ እመቤት። ልጅዎ ብዙ ጊዜ ብቻዋን ታለቅስ ነበር፤ እርስዎ አላወቁም። ባላወቁት አልፈርድብዎትም።»

«እየጠራ ነው» አለ ነርሱ፣ መነጋገሪያውን እያቀበላት።

ወንበሩ ላይ የተንጠለጠለው የዶክተሯ ቦርሳ ውስጥ ስልክ መጮህ ጀመረ።