ተቀባዩ የለም

በ1975 ዓ.ም. በነቀምቴ ፖስታ ቤት የካሰች ሥራ አድራሻቸው የተበላሸ ደብዳቤዎችን ማቃናት ነበር። አዮ ድርቤ የሚባሉ እናት ጦር ግንባር ላለው ልጃቸው ለባቻ የሚልኩት ሁሉ «ተቀባዩ የለም» ተብሎ ይመለሳል። አድራሻው ግን ስህተት የለበትም። ካሰች አንጀቷ አልችል ቢላት የተመለሱትን መሳቢያዋ ውስጥ እየደበቀች፣ በባቻ ስም ራሷ መልስ እየጻፈች ታነብላቸው ነበር።

ዛሬ ጠዋት መሳቢያው ውስጥ እሷ ያልጻፈችው ደብዳቤ አገኘች። አዮ ድርቤም ከዲጋ መጥተው መስኮቱ ፊት ቆመዋል።

«አካም ቡልቴ፣ እንዴት አደርሽ ልጄ? ባቻ ጻፈ?»

ካሰች ደብዳቤውን ከፍታ በልቧ አነበበች።

«እህቴ ካሰች፣ ለእናቴ ስለ ደከምሽላት ጌታ ይባርክሽ። ከእንግዲህ አትጻፊ። ትናንት እኔ ዘንድ ደርሳለች።»

ቀና አለች። ውጭ ዶፍ ይወርዳል፤ የአዮ ድርቤን ነጠላ ግን ጠብታ አልነካውም።

«ጮክ ብለሽ አንብቢልኝ እንጂ፤ ምን ይላል?»