ያልመጣበት ቀጠሮ

ሹፌሩ የኤችአይቪ መድኃኒት ከጀመረ አሥራ ስምንት ዓመቱ ነው። ሲጋራን ግን አልተወም። የክትትል ነርሷ «አንተ ሰውዬ፣ ቫይረሱም ጭሱም ተደርበውብሃል፤ ሳል ሳይጀምርህ ሳንባህን ተመርመር» እያለች ስትጨቀጭቀው ከርማ፣ በመጨረሻ እሺ አሰኘችው። ዛሬ ጠዋት ሲቲ ስካን ተነሥቶ አንዲት የሳንባ ሐኪም ፊት ተቀመጠ።

«ሳንባዎ ላይ ያለችው ነጥብ አድጋለች» አለችው ሐኪሟ። «አምና በሦስት ወር ይመለሱ ብንልዎት ምነው ጠፉ?»

«አምና? እኔ ገና ዛሬ መምጣቴ ነው!»

ማን በካርዴ ታክሞ ነው ብሎ ተጠራጠረ። ካርዱ ላይ ያለውን የቫይረሱን ምስጢር ከነርሷና ከሚስቱ በቀር የሚያውቅ የለም። ሐኪሟ ኮምፒውተሩን አዞረችለት። ስሙና የካርድ ቁጥሩ ልክ ነው፤ ቀኑ ግን የአምና ነው።

«የሌላ ሰው ፋይል ነው» አለ ቆጣ ብሎ።

ሐኪሟ ከማኅደሩ አንድ ወረቀት አውጥታ ሰጠችው። «አምና ከነጥቧ ናሙና እንውሰድ ስንልዎት እምቢ ብለው የፈረሙበት ነው። ምክንያትዎንም ራስዎ ጽፈዋል።»

ጅራቱ የተጣመመው ፊርማ የራሱ ነው። ከላዩ ያለው የእጅ ጽሑፍም የራሱ ነው።

«መጀመሪያ የልጄ ሠርግ ይለፍ» ይላል።

ልጁ «ላገባ ነው» ብላ የነገረችው ትናንት ነው።