ከዓይን ሐኪሙ ደጃፍ
«ዓይንዎ ከእንግዲህ አይድንም» ከተባሉ ገና አምስት ደቂቃ አልሞላም። ደረጃውን ሲወርዱ ሽማግሌው የሴት ልጃቸውን ክንድ ለቀው ተንበረከኩና ከድንጋዩ ስንጥቅ ወደበቀለች አረም ስልካቸውን አስጠጉ። ጡረታ ከወጡ ወዲህ በየመንገዱ ቅጠልና ትንንሽ ነፍሳት ፎቶ እያነሱ ፈጣሪያቸውን ሳያመሰግኑ የዋሉበት ቀን አልነበረም።

«ቢራቢሮ ናት! ተመስገን ጌታዬ፣ ይቺንም አሳየኸኝ» አሉ። ፎቶ አነሱና ስልኩን ለልጃቸው ዘረጉላት። «እስኪ እይልኝ፣ ክንፏ በፎቶው ወጥቷል?»

ልጅቱ ስልኩን አየች፤ ከዚያም ጎንበስ ብላ አረሙን አየች። ነፋስ አምጥቶ የሰካው የከረሜላ ወረቀት ነበር። «ወጥቷል አባዬ፤ ቢጫ ነው» አለች።

ልታስነሳቸው ጠጋ ስትል እጇን ያዝ አደረጓትና በሹክሹክታ «ቀስ በይ የኔ ልጅ፣ እንዳትበርብን» አሏት።