ቀዩ ጃንጥላ፣ ክፍል ሰባት

ዓይነ ስውሩን ባሏን በምርኩዙ ጫፍ እየመራች፣ ከወትሮው ቀስ ብላ ሲኒማ ቤት አስገባችው። ተከታታዩ ፊልም ክፍል ሰባት ደርሷል፤ እሱ ሁሉንም ያየው በእሷ ሹክሹክታ ነው።

ዋሽንቱ ሲሰማ «ሴትዮዋ ቀዩን ጃንጥላ ዘረጋች» አለችው። አዳራሹ አጨበጨበ።

«አሁንም ያንኑ ጃንጥላ? በሰባት ክፍል አንድ ቀን እንኳ አይቀደድም?»

ከበሮው ሲመታ «ነጩ ፈረስ ድልድዩ ላይ ቆመ» አለችው። ፉጨቱ ቀለጠ።

«ይኸንንስ ከከበሮው እኔም አውቀው ነበር» ብሎ ሳቀ።

«ዝም በል፣ ልይበት!»

ፊልሙ አልቆ ሰው ሲወጣ እሷ አልተነሳችም።

«አንሄድም እንዴ?» አላት።

«መብራቱ ይብራ እንጂ! በጨለማ ልትጥለኝ ነው?»

አስተናባሪው ሰምቷት «እትዬ፣ መብራቱ እኮ ከበራ ቆየ» አላት።

ባሏ የምርኩዙን የፊት ጫፍ ከእጇ ወሰደ።

«ነይ» አላት፤ «ክፍል ስምንትን እኔ እነግርሻለሁ።»